ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ፦ የጣና ዳርቻ ቤቶችና የግድግዳ ጤዛ

በባሕር ዳር ከተማ ከዓባይ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ነዋሪው ዓባይ ማዶ ብሎ በሚጠራው ሠፈር፣ መስከረም ሲጠባ የሚጀመር አንድ የታወቀ ሥራ አለ። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ባለቤቶች በውስጥ ግድግዳቸው አናት ላይ የበቀለውን ጥቁር ሻጋታ ይፍቃሉ፤ የተቀረፈውን ልስን ያስጠግናሉ፤ ቀለምም ይቀባሉ። ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን ያው ግድግዳ፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ፣ እንደገና ያልበዋል። ሰውም ነገሩን በሐይቁ ያሳብባል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውኃ በደጃፉ የተኛበት ከተማ ግድግዳው ቢረጥብ ምን ያስደንቃል ይላል። ግንበኛው በበኩሉ መሠረቱን ይወቅሳል፤ መሐንዲሱም አንዳንድ ጊዜ ከግንበኛው ጋር ይስማማል።

ይሁን እንጂ የሐይቁ ዳርቻ የቤት አሠራር ታሪክ በጥሞና ሲታይ ጥፋቱ ከሐይቁም ከመሠረቱም ይልቅ በጣሪያው ላይ ያርፋል። ጣና ከሦስት መቶ ዓመት በፊትም እዚሁ ነበረ። የተለወጠው የቤቱ ክዳን ነው።

የግድግዳ እርጥበት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ከመሬት ተስቦ የሚመጣው እርጥበት ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ገደማ አያልፍም፤ በቆመበትም ጠርዝ ላይ ነጭ ጨው ጥሎ ይቀራል። የጣሪያ ፍሳሽ ዝናብን ተከትሎ ይመጣል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ቡናማ ምልክቱን ትቶ ይደርቃል። ጤዛ ግን ከላይ፣ ከኮርኒሱና ከግድግዳው መጋጠሚያ፣ በተለይም ከውጭ ግድግዳዎች ማዕዘን ይጀምራል፤ ከቁም ሣጥን ጀርባና አየር ከማይደርስበት ጥግ ይደበቃል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት ይብሳል። በታኅሣሥ ወይም በጥር ማለዳ፣ ለሳምንታት ዝናብ ሳይኖር፣ የግድግዳው አናት ረጥቦ ከተገኘ ያ ውኃ ከሰማይም ከምድርም አልመጣም። ከቤተ ሰቡ ትንፋሽና ከማድቤቱ እንፋሎት የመጣ ነው። ይህን ፈተና ለማድረግ መሣሪያ አያሻም፤ በማለዳ ተነሥቶ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ባለ ሙያ ጥቂት መሆኑ ግን የብዙ ቤተ ሰብን ገንዘብ በየዓመቱ ለቀለም አስወጥቷል።

በጣና ዙሪያ የነበረው የቀድሞ ቤት ክብ ጎጆ ነበር። ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያው በምሰሶና በወጋግራ ተዋቅሮ በሣር ይከደናል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የከተማዪቱ ቤቶች በአብዛኛው የጭቃ እንደ ነበሩና ጣሪያቸውም በሾጣጣ ቅርጽ በሣር የተከደነ እንደ ነበረ ጽፏል፤ ይህንንም ኃይለኛ የክረምት ዝናብ ካለባቸው አገሮች የአሠራር ልማድ ጋር አያይዞታል። ብሩስ ያየው የሾጣጣውን ጥቅም ነው። በባሕር ዳር አካባቢ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል። እንዲህ ያለውን ዝናብ ተዳፋቱ የበረታ ክዳን ብቻ ያሳልፈዋል። ብሩስ ያልተመለከተው፣ በዘመኑም ገና ስም ያልወጣለት፣ የሣሩ ሌላው ሥራ ሙቀትን ማገድ ነበር።

ደረቅ ሣር በብዙ ሺህ ሰንበሌጥ ውስጥና መካከል አየርን እንደ ያዘ ይቀመጣል። እንቅስቃሴ የሌለው አየር ደግሞ ሙቀትን አጥብቆ የሚያግድ ነገር ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የሣር ክዳን ሙቀትን የሚያግደው በዛሬው ዘመን ለዚሁ ሥራ የሚመረት 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ፋይበር ግላስ እኩል ነው። በኮንክሪት ይተካ ቢባል ውፍረቱ ከሦስት ሜትር በላይ መሆን ነበረበት። ስለዚህ የሣሩ የውስጥ ፊት በቀዝቃዛ ሌሊት እንኳ ከክፍሉ አየር ብዙ አይርቅም፤ ጤዛም የሚቋጥርበት ቀዝቃዛ ፊት አያገኝም። ጥቂት እንፋሎት ቢደርስበትም ሣሩ በሌሊት ይመጠዋል፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው መልሶ ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል። በምድጃው የሚነደው እሳትም ክዳኑን ከውስጥ ያደርቅ ነበር፤ ጢሱ በሣሩ መካከል እየሾለከ ሲወጣ እንፋሎቱን ይዞ ይወጣል፤ ጥቀርሻውም ነፍሳትን ከሣሩ ያርቃል።

ይህ ሁሉ ጎጆን ገነት አያደርገውም። ያው ክዳኑን ያደረቀ ጢስ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ጎድቷል። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ አይጥና እባብ ያስጠጋል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ይነዳል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ የከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ሲጋዩ የሣር ክዳናቸው ለእሳቱ ምን ያህል እንደ ተመቸ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ቆርቆሮ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ በደስታ የተቀበለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥልጣኔ አማልሎት ብቻ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አንድ ሌሊት ሣሩ የተቃጠለበትን ሰው ቢጠይቁ ኖሮ ፍርዳቸውን ያለዝቡ ነበር።

ለዚህ ታሪክ ከተራው ጎጆ ይልቅ ግልጽ ማስረጃ የሚሆኑት የሐይቁ ገዳማት ናቸው። በዘጌ ልሳነ ምድር ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በክብራን ደሴት አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ እንዳሠሩት የሚነገረው ቅዱስ ገብርኤል፣ በደቅ ደሴት አጠገብ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት የክብ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ በመካከልም አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይገኛሉ። መቅደሱ ሰማዩን ሊነካ የሚሻ ይመስል በክዳኑ ውስጥ ከፍ ብሎ ይወጣል። በቅድስቱ በኩል ያሉት የመቅደሱ ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈኑ ናቸው። ሥዕሉም በአብዛኛው በልስኑ ላይ በቀጥታ የተሣለ አይደለም፤ በጥጥ ሸማ ላይ ሆኖ ሸማው በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ይህ አሠራር ለሠዓሊው የተመቸ ነው፤ ለእርጥበት ግን የተጋለጠ ነው። ሸማ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የተለጠፈበት ማጣበቂያ ሻጋታን የሚቀልብ ነገር ነው፤ በላዩ ያለው ቀለም ግን ከሸማው ጋር አብሮ መለጠጥና መኮማተር ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ቆይቶም ይረግፋል።

እነዚህ ሥዕሎች ለምዕተ ዓመታት የቆዩት በሐይቅ መካከል፣ በክረምት ጭጋግ ውስጥ፣ ምእመናን በሞሉበት ክፍል ነው። ያቆያቸውም ከላያቸው የነበረው ወፍራም ሣር መሆኑን ለመረዳት ሣሩ ሲነሣ የሆነውን ማየት ይበቃል።

የታጠፈ የብረት ክዳን በለንደን ወደብ መሐንዲስ በነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ አስመዘገበ። ሁለቱ ተጣምረው ዓለምን ዞሩ። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ በኩል ሲሆን፣ መጀመሪያ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ፣ የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በፉርጎ እየተጫነ ገባ። ወደ ጣና ዳርቻ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ባሕር ዳር ከመንደርነት ወደ አነስተኛ ከተማነት ስትለወጥ መንገዱም ቆርቆሮውም አብረው መጡ። ከነጻነት በኋላ ባለ ቆርቆሮ ቤት መሆን በሠፈር የሚያስከብር ነገር ሆነ። ወደ ገዳማቱም ቆርቆሮ እንደ ስለት ይገባ ጀመር፤ ምእመናን በታንኳ ጭነው አሻገሩት። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ብዙዎቹ የሐይቁ አብያተ ክርስቲያናት ሣራቸውን በቆርቆሮ ለወጡ።

ስለ ቆርቆሮ የሚነገረው ወቀሳ ሁልጊዜ ስለ ቀን ሙቀቱና ስለ ዝናብ ድምፁ ነው። የከፋ ጠባዩ ግን በሌሊት የሚታየው ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ሙቀትን የማገድ ኃይሉ ከምንም አይቆጠርም። ይህም ብቻ አይደለም። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን በጨረር ወደ ጠፈር ስለሚልክ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀዘቅዛል። በሣር ሜዳ ላይ ጤዛ የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶችን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። አዲስ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ሙቀትን በጨረር የመልቀቅ ችሎታው አነስተኛ ነው፤ እየደበዘዘና እየዛገ ሲሄድ ግን ይህ ችሎታው እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልታየው ጤዛ ቆርቆሮው ሲያረጅ ሊታይ ይችላል፤ ባለቤቱም ቀዳዳ ሳይኖር ክዳኑ የተበሳ መስሎት ይሳሳታል።

አየር ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት በሙቀቱ ልክ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ወደ 17 ግራም ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙ አይበልጥም። በ20 ዲግሪ ከአቅሙ ስድሳ በመቶ እንፋሎት የያዘ የክፍል አየር፣ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ያልበለጠ ፊት ሲነካ የተረፈውን እንደ ጤዛ ያራግፋል። አንድ የተኛ ሰው በሰዓት በትንፋሹና በቆዳው 40 ግራም ገደማ ውኃ ይለቅቃል። ስድስት ሰዎች የሚያድሩበት ክፍል በስምንት ሰዓት ውስጥ ወደ ሁለት ሊትር ያህል ውኃ በአየሩ ውስጥ ይጨመርበታል ማለት ነው። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ግን በ20 ዲግሪ ቢሞላ እንኳ ከ700 ግራም በላይ መያዝ አይችልም። የተረፈው አየር እየተለዋወጠ ካልወጣ በቀር መውደቂያ መፈለጉ የግድ ነው። በጎጆው ዘመን በሣሩ በኩል ይወጣ ነበር። ከቆርቆሮው በታች ግን ወደ ላይ የወጣው እንፋሎት በብረቱ ላይ ተቋጥሮ፣ በተዳፋቱ ተንሸራቶ፣ ወጋግራው በግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ይንጠባጠባል። የግድግዳው አናት የሚረጥበው ስለዚህ ነው።

በገዳማቱ ይህ ነገር በክረምትም በበጋም ይታያል። በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን፣ የዝናቡ ጽናት በሚበረታበት ወቅት ምእመናን የረጠበ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ለረጅም ሰዓት ይቆማሉ። ከላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከታች የሰዉ ትንፋሽና የልብሱ እንፋሎት ይወጣል። በክዳኑ ሥር የተቋጠረው ውኃ ከፍ ብሎ በወጣው በመቅደሱ አናት ላይ ሲወርድ መንገዱ በሥዕሎቹ ላይ ያልፋል። ለሥዕሎቹ ጉዳት ጤዛ ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት አይቻልም፤ የክዳን ፍሳሽ፣ ምስጥ፣ የጎብኚ እጅም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ፍሳሽ ቀዳዳው ሲደፈን ይቆማል፤ ጤዛ ግን አዲስ ቆርቆሮ በተለወጠ ማግስት እንኳ አይቆምም። የጥገና ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ልዩነት ሳያውቁ በአሮጌው ቆርቆሮ ፈንታ አዲስ ሲገዙ ችግሩን ያድሱታል። በጎንደር የሚገኘው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሣር ክዳኑን ይዞ መቆየቱ፣ ከሣሩም በታች በመላእክት ፊት ያጌጠው የእንጨት ጣሪያው እስከ ዛሬ መታየቱ በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሣርና የእንጨት ኮርኒስ ተደራርበው ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚጠብቁ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው የለም።

ኮርኒስ ስንል ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን በመነሻው የሚያመለክተው ግድግዳና ጣሪያ በሚጋጠሙበት የሚዞረውን ጌጥ ብቻ ነው። አማርኛ ትርጉሙን አስፍቶ የውስጡን ጣሪያ በሙሉ ኮርኒስ አለው። ጤዛ በመጀመሪያ የሚቋጠረው ቃሉ በጥንቱ ትርጉም በሚያመለክተው በዚያው መጋጠሚያ ላይ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው።

የባሕር ዳር ሰው ቆርቆሮን ከራሱ አርቆ ለመኖር ያገኘው የመጀመሪያ መላ ኮርኒስ ነበር። መጀመሪያ አቡጀዴ ተወጥሮ በኖራ ወይም በዱቄት ማጣበቂያ ይቀባ ነበር። አቅም ያነሰው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ወጠረ። ኋላም ቺፕውድና ሀርድ ቦርድ መጡ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጂብሰምና ፕላስቲክ። እነዚህ ሁሉ ቤቱን አሳምረዋል፤ የዝናቡን ድምፅና የቀኑን ግለትም ቀንሰዋል። ሙቀትን ግን እምብዛም አያግዱም። ከዚህም በላይ ጤዛውን ከዓይን ሰወሩት። ቀድሞ ባለቤቱ ጠብታው በአልጋው ላይ ሲወርድ ያይ ነበር። ከኮርኒስ በኋላ ጠብታው በሰሌዳው ላይ ያርፋል፤ ያረጥበዋል፤ ሰሌዳው ይጎብጣል፤ የወጋግራው እግር ይበሰብሳል፤ ውኃውም በግድግዳው ዳር ሾልኮ ልስኑን ያበላሻል። ባለቤቱ የሚያየው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሆነ ግንበኛ ይጠራል እንጂ ወደ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ የሚያይ ሰው አይጠራም።

ይህ ሁሉ የአንድ ሠፈር ወይም የአንድ ገዳም ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ የከተማዪቱ ዕድገት ግን አበዛው። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ሠራተኛና ተማሪ ወደ ከተማዪቱ ጎረፈ። በዚያው ሰሞን ጀርመናዊው የከተማ ንድፍ ሊቅ ማክስ ጉተር ለባሕር ዳር ማስተር ፕላን አዘጋጀ። መንገዱና ዘንባባው የታሰበባቸው ነበሩ፤ የየቤቱ ክዳን ግን ለየባለቤቱ የተተወ ነበር። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኋላ ሕንፃ ኮሌጅ የተባለው፣ የጭቃ ቤትን ጥራት ስለ ማሻሻል ያጠና ነበር፤ ሆኖም በዘመኑ የሁሉም ጥያቄ ለብዙ ሰው በርካሽ እንዴት መጠለያ ይገኝ የሚል እንጂ ከተጠለለ በኋላ ግድግዳው ለምን ያልበዋል የሚል አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ብዙ የኪራይ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ኮርኒስ ላይ ገንዘብ የሚያፈስበት ምክንያት አልነበረውም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ባሕር ዳር የክልል ርዕሰ ከተማ ስትሆን ከተማዪቱ በፍጥነት ሰፋች፤ ፖሊቴክኒኩም በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዓባይ ማዶ፣ ከቤዛዊት ኮረብታ በታች የተዘረጋው አካባቢ፣ ቤት በቤት ሆነ። ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌ ድልድይ ሸክሙ ስለ በዛበት 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲሶቹ ቤቶች የብሎኬት ናቸው። ብሎኬትና የሲሚንቶ ልስን ከጭቃ የሚለዩበት አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። ጭቃ እንፋሎትን በቀላሉ ይመጣል፣ መልሶም ይሰጣል፤ ዘይት ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ልስን ግን እንዲህ ያለ ሆድ የለውም። መስኮቱ የብረትና የመስታወት ነው፤ ለሌባና ለወባ ትንኝ ሲባል ሌሊቱን ይዘጋል። እንፋሎቱ በዛ፤ መውጫው ጠበበ፤ ክዳኑ ግን ያው ቆርቆሮ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መልካምነቱ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱም። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰዎች የቤታቸውን ግድግዳና የጣሪያ ሥር በሙቀት ማገጃ መሙላት በጀመሩ ጊዜ የውጭ ቀለማቸው ይላጥ ጀመር። ቀለም ቀቢዎች ማገጃው ውኃ ይስባል ብለው አወገዙት። በዊስኮንሲን የደን ውጤቶች ምርምር ጣቢያ ቲስዴል፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ፍራንክ ራውሊ ነገሩን መርምረው በአሠርቱ መጨረሻ ገደማ ምክንያቱን አሳዩ። ማገጃው ውኃ አይስብም፤ ነገር ግን ከማገጃው ውጭ ያለው ክፍል ከቀድሞው የበለጠ ስለሚቀዘቅዝ የቤቱ እንፋሎት ሾልኮ ከደረሰበት በዚያ ጤዛ ይቋጥራል። ስለዚህ እንፋሎቱ ወደ ላይ እንዳይሾልክ ከታች መከልከል፣ ከማገጃው በላይ ያለውንም ባዶ ቦታ ማናፈስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ የቤቶች አስተዳደር የማናፈሻው ስፋት ከኮርኒሱ ስፋት ከሦስት መቶ አንድ እጅ እንዳያንስ የሚል ደንብ አወጣ። ከ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ቀውስ በኋላ አውሮፓውያን ሙቀት ለመቆጠብ ቤታቸውን በጥድፊያ ሲያሽጉ ይህን ትምህርት ችላ ያሉ ብዙዎች በሻጋታ ተቀጡ።

ለጣና ዳርቻ የሚሆነው ከዚህ ተመዝኖ መወሰድ አለበት። እዚህ በረዶ የለም፤ ቤት በምድጃ አይሞቅም፤ ስለዚህ በሰሜን የሚታዘዘውን ያህል ውፍረት መከመር አያስፈልግም። ዋናው ቁም ነገር የኮርኒሱ የውስጥ ፊትና የግድግዳው አናት ከጤዛ ነጥብ በላይ ሞቀው እንዲያድሩ ነው። ለዚህም ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ማገጃ በቂ ነው፤ ነገር ግን እስከ ግድግዳው አናት ድረስ መድረስ አለበት። ብዙ ሠራተኞች ጎንበስ ብሎ መሥራት ስለሚያስቸግር ከታዛው በኩል ያለውን የመጨረሻውን ግማሽ ሜትር ባዶ ይተዉታል፤ ሻጋታውም በትክክል በተተወው ቦታ ልክ ይወጣል። ለማገጃነት ፋይበር ግላስ ወይም የተነፋ ፕላስቲክ ሰሌዳ በገበያ ይገኛል። ጭድ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ የሚናቅ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ጣሪያ ሥር ግን እሳቱ፣ በየትኛውም ጣሪያ ሥር አይጡ ያስፈራል። ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ ጠብታውን ተቀብሎ ወደ ታዛው የሚያፈስ ሽፋን ቢዘረጋ ማገጃውን ከመርጠብ ያድነዋል። የኮርኒሱ ቀዳዳዎች፣ በተለይ የመብራት ገመድ የሚያልፍባቸው፣ ይደፈኑ፤ የማድቤቱ እንፋሎት በጭስ መውጫ በቀጥታ ወደ ውጭ ይወሰድ እንጂ ወደ ኮርኒሱ ላይ አይለቀቅ።

ለገዳማቱ ያለው አማራጭ ከዚህ ይለያል። በኮርኒስ መሸፈን የመቅደሱን አናትና የክዳኑን ውስጠኛ ሥራ ከዓይን ይሰውራል፤ ሥርዓቱም አይፈቅደው ይሆናል። ሣሩ ያለበት ቦታ ሣሩን መጠበቅ፣ ሣር አዋቂውንም ከሥራው እንዳይለቅ መደገፍ ይሻላል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነም ነባሩን የቀርከሃና የሸምበቆ ማገር ከነሣሩ ሳያፈርሱ ቆርቆሮውን ክፍተት ሰጥቶ በላዩ ማዋል፣ ከባዶ ቆርቆሮ እጅግ የተሻለ ነው፤ ውኃውን ብረቱ ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ሣሩ ያግዳል፣ በመካከል ያለፈው አየር ሁለቱንም ያደርቃል። ክብደቱን ምሰሶዎቹ መቻላቸው አስቀድሞ መታየት አለበት።

ወደ ዓባይ ማዶ ቤቶች ስንመለስ፣ የማናፈሻው ቀዳዳ በንድፍ ላይ ሲሣል ቆይቶ በቤቱ ላይ የሚጠፋበት ምክንያት አለ። ስድሳ ካሬ ሜትር ለሆነ ቤት ከሦስት መቶ አንድ እጅ ማለት በጠቅላላው 2,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ነው፤ ግማሹ ከታዛው ሥር፣ ግማሹም ከጣሪያው አናት አጠገብ ይሆናል። ቤቱ ተሠርቶ ባለቤቱ ከገባ በኋላ በዚያ ክፍተት በመጀመሪያ የሚገባው የሌሊት ወፍ ነው፤ ሐይቁና የዓባይ ዳር ዛፎች የሌሊት ወፍ አያጡም። ሽታው ወደ ክፍሉ ሲወርድ ባለቤቱ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍም የግድግዳው አናት ይጠቁራል። ቀዳዳው በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ተሸፍኖ ቢሠራ ኖሮ አይደፈንም ነበር። ወንፊቱ ግን በአብዛኛው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አይጻፍም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ሥራ ተቋራጩ አያቀርበውም።